ቁመቱንስ ማን ለካው?

ከፋ ውስጥ፣ ቦንጋ ላይም ሆነ ዋጫ ላይ፣ የሕፃናት ውፍረት የጤና ጣቢያ ጉዳይ ይሁን የሚል ሰው ቢነሳ የሚጠብቀው መልስ የታወቀ ነው፤ «እሱ የአዲስ አበባ ጣጣ ነው፤ የእኛ ልጅ መች ጠገበና!» ይህን የሚሉት ደንታ ቢሶች አይደሉም። የሕፃን ክንድ ላይ መለኪያውን ጠምጥመው ቀዩ ላይ ሲያርፍ የደነገጡ፣ ለከሱ ሕፃናት የሚሰጠው ፕላምፒ ነት ሲያልቅባቸው ወረዳ ድረስ የሚመላለሱ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። ቁጥሩም ለጊዜው ከእነሱ ጋር ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 የኢትዮጵያ ሕፃናት 37ቱ ቀንጭረዋል፤ ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው 2 ብቻ ናቸው። 37 ለ2 ሆኖ ሲታይ ክርክሩ ከመጀመሩ ያለቀ ይመስላል።

ያለቀ የሚመስለው ግን ሁለቱን ቁጥሮች የሁለት ዓይነት ሰው ልጆች አድርገን ስለምናነባቸው ነው፤ መቀንጨር የደሃ፣ ውፍረት የሀብታም። የምቃወመው ይህንን ንባብ ነው። መቀንጨርና ከልክ ያለፈ ውፍረት በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ቤት፣ አልፎ ተርፎም በአንድ ልጅ ገላ ላይ አብረው ይኖራሉ። የጤና ጣቢያዎቻችን አሠራር ደግሞ ሁለቱንም የተሸከመውን ልጅ «ጎበዝ፣ ጨምሯል» ብሎ ወደ ቤቱ ይሸኘዋል።

እንዴት እንደሚሸኘው ቀረብ ብለን እንየው። በጤና ኬላ የሚደረገው የእድገት ክትትል የሚያተኩረው ከ2 ዓመት በታች ባሉት ልጆች ላይ ነው፤ የሚመዘነውም ክብደት ነው። ክብደቱ ከእድሜው ጋር ይተያይና ካርዱ ላይ ነጥብ ይደረጋል። ነጥቡ ካለፈው ወር ከፍ ካለ እናትየው ትመሰገናለች፤ ከወረደ ትመከራለች። የክንድ ዙሪያ መለኪያውም የተሠራው መክሳትን ለመያዝ ነው። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነ መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴው ወሰን የለውም። ክንዱ 13 የሆነውም 18 የሆነውም እኩል ደህና ተብለው ያልፋሉ።

ሁለት ዓመት የሞላው አንድ ወንድ ልጅ እናስብ። ሚዛን ላይ ሲቀመጥ 12.8 ኪሎ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ ለዚህ እድሜ የሚሰጠው መካከለኛ ክብደት 12.2 ኪሎ ስለሆነ ነጥቡ ካርዱ ላይ ያማረ ቦታ ያርፋል፤ እናትየው ደስ ብሏት ትሄዳለች። ቁመቱ ቢለካ ግን 77 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። የእኩዮቹ መካከለኛ ቁመት 87 ነው። ይህ ልጅ ክፉኛ ቀንጭሯል። ለ77 ሴንቲ ሜትር ገላ ደግሞ 12.8 ኪሎ ከልክ ያለፈ ክብደት ነው። አንድ ልጅ ሁለት ችግር ይዞ መጥቶ፣ ካርዱ ሁለቱንም አላየም። ይባስ ብሎ በወሩ መጨረሻ ወደ ወረዳ በሚላከው ሪፖርት ላይ ከመልካም ውጤቶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

ነርሷን አልወቅሳትም። ቁመት መለካት ሰሌዳ ይጠይቃል፤ አንዱ ጭንቅላቱን ሌላው እግሩን የሚይዝ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ የሚያለቅስ ልጅ አስተኝቶ ቀጥ ማድረግ ቀላል አይደለም። ሰንጠረዡን ገልጦ ክብደትን ከቁመት ማስተያየትም ጊዜ ይወስዳል፤ በር ላይ ክትባት የሚጠብቁ እናቶች ሰልፍ ይዘዋል። ሥርዓቱ የሰጣት ሚዛንና የክንድ መለኪያ ስለሆነ በሁለቱ ትሠራለች። ወቀሳው ለሥርዓቱ ነው፤ ከሥርዓቱም ጀርባ ላለው «እዚህ ያለው ችግር ማነስ ብቻ ነው» ለሚለው እምነት።

እምነቱ በራሱ መመዘኛ እንኳ አይቆምም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሲገባ፣ ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 ለማጥፋት ነበር። መቀንጨር ማለት ለእድሜ የሚገባው ቁመት ማነስ ነው። ስለዚህ «ቅድሚያ ለመቀንጨር» የሚል ሰው ከእኔ ቀድሞ የቁመት ሰሌዳ ይሰጠን ብሎ መጮህ ነበረበት። በየወሩ ክብደትን ብቻ እየመዘኑ መቀንጨርን መዋጋት አይቻልም፤ ጠላቱ በማይታይበት አቅጣጫ ዘብ መቆም ነው። የወፈረውን ልጅ ለማየት የምጠይቀው ነገር የቀነጨረውን ልጅ ለማየት ከሚያስፈልገው ነገር ጋር አንድ ነው። ማንም ከማንም በጀት አይነጥቅም።

የሚጨምረው ክብደት ምንድን ነው የሚለውም ጥያቄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ለከፋ ሰው ቅርብ የሆነችው ጅማ ላይ ይህንኑ ጥያቄ የያዘ ጥናት ሲካሄድ ቆይቷል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ የተወለዱ ሕፃናትን ገላቸው ምን ያህሉ ስብ፣ ምን ያህሉ ሥጋና አጥንት እንደሆነ በሚለይ መሣሪያ ለኩ፤ ከዚያም ልጆቹን ለዓመታት ተከታተሏቸው። ካገኙት አንዱ ይህ ነው፤ ሲወለዱ ከስብ ውጪ ያለው የገላቸው ክፍል ከፍ ያለ የነበረ ልጆች በ2 ዓመታቸው ረዘም ብለው ተገኙ። የቁመት እርሾው ያለው ስቡ ላይ ሳይሆን ሥጋና አጥንቱ ላይ ነው ማለት ነው። ሚዛን ሁለቱን አይለይም። የኪሎ ጭማሪን በደፈናው ማሞገስ ምን እንደጨመረ ሳያውቁ ማሞገስ ነው። ይህ እውቀት የመጣው ከለንደን አይደለም፤ ከቦንጋ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ በእኛው እናቶች ልጆች ተገኘ። በየጤና ጣቢያችን ግን አሠራር ሆኖ አልወረደም።

የረሃብ ታሪክ ያለው ገላ ከውፍረት የተጠበቀ ነው የሚለው ሐሳብም የተገላቢጦሽ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ ከ1944 ወደ 1945 እ.ኤ.አ. በተሻገረው ክረምት የሆላንድ ከተሞች ተራቡ። በ1976 የታተመ ጥናት በ19 ዓመታቸው ለውትድርና የተመረመሩ ወጣቶችን መዝገብ ሲፈትሽ፣ እናቶቻቸው በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ የተራቡባቸው ልጆች ከሌሎቹ በበለጠ ለከፍተኛ ውፍረት የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። በእርግዝናው መጨረሻና በተወለዱ ሰሞን ረሃቡ የደረሰባቸው ደግሞ በተቃራኒው ቀጠን ያሉ ነበሩ፤ ስለዚህ የረሃቡ ጊዜ ይወስናል፣ ነገሩ አንድ መስመር ብቻ የለውም። ቢሆንም በማህፀን ሳለ ያጣ ልጅ ኋላ ላይ ሲያገኝ ችግሩ ሁሉ ይፈታለታል ብሎ መደምደም እንደማይቻል ያሳያል። ሲያገኝ ምን ያገኛል የሚለው ወሳኝ ነው።

ምን ያገኛል? ከጅማ በቦንጋ አድርጎ፣ በዋጫ በኩል ወደ ሚዛን የሚዘልቀው መንገድ የቡናውን ጆንያ ይዞ ሲወጣ ባዶውን አይመለስም። ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ጁስ ተብሎ የሚሸጥ ባለ ቀለም የስኳር ውሃ፣ ለስላሳ፣ ኢንዶሚ፣ በጀሪካን የሚመጣ የሚረጋ ዘይት ይዞ ይገባል። የቡና ገንዘብ በሚገባበት ወቅት አባት ከገበያ ሲመለስ ለልጁ ለስላሳ ይዞለት ይመጣል። ይህን የሚያደርገው ስለሚወደው ነው፤ እሱ በልጅነቱ ያላገኘውን ነው የሚሰጠው። ችግሩ 300 ሚሊ ሊትር በምትይዘው ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር መኖሩ ነው፤ በሻይ ማንኪያ ቢሰፈር ከ7 በላይ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ላሉ ልጆች ጣፋጭ መጠጥ ጭራሽ አይሰጥ ብሏል። ያንን ጠርሙስ የጠጣ ትንሽ ልጅ ሆዱ ይሞላል፤ የቀረበለትን ባቄላ፣ አይብና ጎመን ይገፋል። አጥንት የሚያስረዝመው ነገር ሳይገባ ስብ የሚሆነው ገባ። ቀንጭሮ የሚወፍረው ልጅ የሚፈጠረው እንዲህ ነው፤ ለዚህ የሀብታም ቤት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ወተቱና እንቁላሉ ለገበያ በሚሄድበት፣ ብስኩቱ በጥቂት ብር በሚመጣበት ቤት ይቀላል።

የድሮው ማዕድ ፍጹም ነበር አልልም። ቆጮ ሆድ ይይዛል፣ ድርቅ ይችላል፣ የከፋን ሕዝብ ስንት ክፉ ቀን አሻግሮታል፤ ነገር ግን ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፤ ያለ ወተት፣ ያለ ጥራጥሬ፣ ያለ ጎመን ሕፃን አያሳድግም። ጎደሬም እንደዚሁ። «ወደ ባህላዊ ምግባችን እንመለስ» የሚለው መፈክር ለጥያቄው ግማሽ መልስ ነው። የጎደለው ቆጮውን የሚያሟላው ነው፤ ወደ ቤቱ የገባው ግን ብስኩት ሆነ። ማሩም ቢሆን የከፋ ኩራት ነው፤ ነገር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፤ ለሚከተሉት ዓመታትም ስኳርነቱ አይቀርም።

«ገና 2 ከመቶ ነው፤ ሲመጣ እናያለን» የሚሉም አሉ። አዋቂዎቹን እንመልከት። በተከታታዮቹ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ከልክ ያለፈ ክብደት ወይም ውፍረት ያለባቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 8 ሆኑ። በአዲስ አበባ በዚያው ዓመት ከመቶ 29። እናቶቹ ጋ የደረሰ ነገር ልጆቹ ጋ ሳይደርስ አይቀርም፤ ማዕዱ አንድ ነው። በዓለም ደረጃ ደግሞ ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዘገባ ከ5 እስከ 19 ዓመት ባሉ ልጆች ዘንድ ከፍተኛ ውፍረት ለመጀመሪያ ጊዜ ከክብደት ማነስ በልጧል፤ 9.4 ከመቶ ለ9.2። ይህ ገና ያልደረሰባቸው የዓለም ክፍሎች ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካና ደቡብ እስያ ብቻ ናቸው። ይህንን «እኛን አይመለከተንም» ብሎ ማንበብም ይቻላል፤ እኔ የማነበው «ጊዜ አላችሁ» ብሎ ነው። በሌሎች አገሮች የሆነው ሰዎች ጊዜ እያላቸው ስላላዩት ነው።

ከቤተሰብ በኩል የሚመጣው ክርክር ደግሞ ሌላ ነው፤ «ልጅነት ነው፣ ሲያድግ ይረግፍለታል።» ለአንዳንዱ ይረግፍለታል። ብዙ የክትትል ጥናቶችን ያሰባሰበ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትንተና ግን በልጅነታቸው ከፍተኛ ውፍረት ከነበረባቸው ከግማሽ የሚበልጡት በጉርምስናቸውም እንዳለ እንደቆየባቸው፣ ጎረምሳ ሆነው ከነበረባቸው ደግሞ ከ10 ስምንቱ ወደ አዋቂነት ይዘውት እንደሚሻገሩ አሳይቷል። ሲያድግ ይረግፋል የሚለው ተስፋ እድሜ በገፋ ቁጥር ይጠባል። ስለዚህ ትክክለኛው ጊዜ ትንሽነቱ ነው፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ ከማንም በፊት የሚያገኘው ባለሙያ የጤና ኬላዋን ሠራተኛ ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝና በቁም ነገር ልመልሰው የሚገባው ፍርሃት ይህ ነው። አንዲት እናት «ልጅሽ ወፍሯል» ከተባለች ምግብ ትቀንስበታለች፤ በዚህ አገር ምግብ የሚቀነስበት ልጅ ደግሞ ሊሞት ይችላል። ፍርሃቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ፍርሃቱ የሚያስጠነቅቀን መጥፎ ምክር እንዳንሰጥ ነው፤ ዝም እንድንል አይደለም። ትንሽ ልጅ አይጾምም፣ አይራብም፣ ኪሎው እንዲወርድ አይደረግም። ልጅ እያደገ ስለሆነ ግቡ ክብደቱ ባለበት ረግቶ ቁመቱ እንዲደርስበት ማድረግ ነው። ይህ ማለት ጣፋጩን መጠጥ በውሃና በወተት መተካት፣ ብስኩቱን በእንቁላል ወይም በባቄላ መተካት፣ የእናት ጡት ለሚጠባው እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባቱን መቀጠል፣ ከስልክና ከቴሌቪዥን ፊት አንስቶ ደጅ እንዲሮጥ መልቀቅ፣ በጊዜ ማስተኛት ነው። ምክሩን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ለቀነጨረው ልጅ የሚሰጠው ምክርም ከዚህ ብዙ አይለይም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሁለት ዓይነት ትምህርት መሸምደድ የለባትም። «ይህን ቀንሺ» ከማለት ይልቅ «በዚህ ፈንታ ይህን ስጪው» ማለት ነው የሚጠበቅባት።

አነጋገሩም ቢሆን የሕክምናው አካል ነው። «ወፍራሙ» እየተባለ በሰው ፊት የሚጠራ ልጅ አይቀጥንም፤ ይሸማቀቃል፣ ተደብቆ ይበላል፣ ከጨዋታ ይሸሻል። እናትን በሰልፉ መሐል «ምን እያበላሽው ነው?» ማለትም ቀጣዩን ቀጠሮ ማጥፋት ነው። ልጁን አያት ከሆነች የምታሳድገው፣ ወይም ለስላሳውን የሚገዛው አባት ከሆነ፣ ምክሩ እናትየዋን ብቻ ይዞ የትም አይደርስም። ቤት ለቤት የምትሄደው ባለሙያ ከሐኪሙ የምትበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ አባቱንም አያቱንም ቡና ላይ ታገኛቸዋለች።

የውጭውን መመሪያ እንዳለ ገልብጠን እናምጣም አልልም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ያወጣው መመሪያ ቢያንስ 26 ሰዓት የፊት ለፊት ምክር ከ3 እስከ 12 ወር ውስጥ እንዲሰጥ ይመክራል፤ ከ12 ዓመት ጀምሮ መድኃኒት፣ ከ13 ጀምሮ ለአንዳንዶች የሆድ ቀዶ ሕክምና እንዲታሰብ ይላል። ሥነ ምግብ ባለሙያ በሌለበት ጤና ጣቢያ 26 ሰዓት ማለት ቀልድ ነው። ነገር ግን የዚያ መመሪያ ዋጋ ለእኛ ሌላ ነው፤ ዘግይቶ ማየት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ይነግረናል። ለመድኃኒቱና ለቀዶ ሕክምናው የሚሆን ገንዘብ ከፋ ውስጥ አይኖርም። ስለዚህ ከሀብታም አገር ይልቅ ቀድሞ ማየት የግድ የሚሆንብን እኛ ነን።

ከ5 ዓመት በላይ ያለው ልጅ ደግሞ ፈጽሞ የተረሳ ነው። የእድገት ካርዱ ተቀምጧል፤ ክትባቱ አልቋል፤ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ሲታመም ብቻ ነው። ሆኖም ይመጣል። ወባ ባለባቸው የከፋ ቆላማ ቀበሌዎች ትኩሳት ይዞት የመጣ የትምህርት ቤት ልጅ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ የወባው መድኃኒት የኮአርተም መጠን የሚወሰነው በክብደት ስለሆነ። ሚዛኑ ላይ ቆሟል፤ እድሜው መዝገቡ ላይ ተጽፏል። የቀረው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የቁመት መስመር ነው። ለዚህ እድሜ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ሰንጠረዥ ክብደቱ ለቁመቱና ለእድሜው ከልክ ማለፍ አለማለፉን ይለያል። ተጨማሪ ቀጠሮ፣ ተጨማሪ ጉዞ፣ ተጨማሪ ካርድ አያስፈልግም። ሲሻለው ተመልሶ ሲመጣ፣ ወባው ከተፈወሰ በኋላ፣ ስለ ምሳው ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል።

ይህ ሁሉ የጤና ባለሙያው ብቻ ሸክም ይሁን ማለቴ አይደለም። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ለስላሳ መጠጦች ላይ ታክስ ጥሏል፤ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያም ስኳርንና ቅባትን እንድንቀንስ፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ እንድናበዛ ይነግረናል። አዋጅና መመሪያ ግን የትምህርት ቤት በር ላይ ያለውን ሱቅ አይደርሱበትም፤ ርእሰ መምህሩና ወላጅ ኮሚቴው ይደርሱበታል። ሕፃናት በእረፍት ሰዓት የሚገዙት ነገር ምን ይሁን የሚለውን ዋጫ ላይ ተቀምጦ መወሰን ይቻላል።

ደቡብ ምዕራብ ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ቦንጋ መቀመጫው ሆናለች፤ ውሳኔው እንደ ድሮው ሐዋሳ ድረስ አይሄድም። ቦንጋ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ገብረፃዲቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ። ለየጤና ጣቢያው አንድ የቁመት ሰሌዳ ማሠራት ለአናጢ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ እንዴት እንደሚለካ ማሠልጠን ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በልምምድ ጊዜያቸው የሚበዛባቸው ሥራ አይሆንም። ከሁሉም በፊት ግን የወርሃዊ ሪፖርቱ ቅጽ መለወጥ አለበት፤ ከክብደቱ አጠገብ የቁመት ዓምድ ይጨመር፤ ከቁመቱ ጋር ሲተያይ ክብደቱ ያነሰም የበዛም ልጅ በእኩል ይቆጠር። ዓምዱ ባዶ ሆኖ የመጣለት የወረዳ ኃላፊ ስልኩን አንስቶ «ቁመቱስ?» ብሎ ይጠይቅ።